በ12ኛው ሳምንት የእርግዝና ግፊትን አስቀድሞ መለየት፦ ጤና ጣቢያ ላይ ባለን ዕቃ ምን ድረስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ አዋላጅ ነርስ፣ ደላንታ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ፕሪኤክላምፕሲያን (በእርግዝና ከሚነሣ የደም ግፊት ጋር ሌላ የሰውነት ክፍልንም የሚጎዳውን ሕመም) ስለማከም አይደለም፤ እሱን መመሪያው ላይ እናገኘዋለን። የምፈልገው ግፊቱ 140/90 ሳይገባ፣ ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ሳይወጣ፣ ገና በመጀመሪያው ክትትል "ይቺ እናት ወደፊት ግፊት ሊነሣባት ይችላል" ብሎ የመለየቱን ነገር ነው። ያለን ዕቃ ባለ መርፌ የቢፒ (የደም ግፊት) አፓራተስ፣ የሽንት ስትሪፕ፣ ሚዛን፣ የቁመት መለኪያ፣ ሙአክ (የክንድ ዙሪያ መለኪያ) እና የፅንሱን ዕድሜ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ ነው። ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚያሳይ አልትራሳውንድ የለም። እንግዴ ልጁ የሚያመነጨውን ፕሮቲን የሚለካው፣ ፒኤልጂኤፍ የሚባለው የደም ምርመራም የለም።

በምሳሌ ላስቀምጠው። ዕድሜዋ 22 ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ታላቅ እህቷ በ8 ወሯ "ግፊት ተነሥቶባት" ደሴ ተልካ ነው የወለደችው። ክብደት 52 ኪሎ፣ ቁመት 1 ሜትር ከ58፣ የክንድ ዙሪያ 21.5 ሳንቲሜትር። ካርዷ ላይ ቢፒ 120/80 ተብሎ ተጽፏል። የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበረ ስትጠየቅ "የጥምቀት ማግስት ነው የመጣብኝ" ትላለች። ዛሬ ሚያዝያ 10 ነው እንበል።

ለዚች እናት አስፕሪን ይጀመርላታል ወይስ አይጀመርላትም? አማካይ ግፊት የሚባለው ሒሳብ ከ90 በላይ ከሆነ ያሰጋል ይባላል፤ የእሷ 93 ይመጣል። ያን ያህል እንመነው? አንዳንዱ ባለሙያ ደግሞ በጎን አስተኝቶ፣ ከዚያ በጀርባዋ ገልብጦ መለካት ይበቃል ይላል። እሱስ ይሠራል?

መልስ 1፦ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም፣ ደሴ

ሲስተር፣ አዎ፣ ይጀመርላታል። የሚጀመርላት ግን በ93ቱ ምክንያት አይደለም። ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

በመጀመሪያ ለምን በዚህ ሳምንት የሚለውን እንይ። ግፊቱ የሚታየው በ7 እና በ8 ወር ይሁን እንጂ ችግሩ የሚጀምረው እንግዴ ልጁ ማህፀን ላይ ሥር ሲሰድ ነው። ጤናማ እርግዝና ላይ የእንግዴ ልጁ ሴሎች ወደ ማህፀን ጠመዝማዛ የደም ሥሮች ዘልቀው ግድግዳቸውን ያላላሉ፤ ጠባቡ ሥር ሰፍቶ ደም እንደ ልብ ይፈስበታል። ይህ ሥራ በአብዛኛው 20ኛው ሳምንት ድረስ ያልቃል። ሥሮቹ ሳይሰፉ ከቀሩ እንግዴ ልጁ ደም ያጥረዋል። ያኔ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች የደም ሥሮቿን የውስጥ ሽፋን ይጎዳሉ። ግፊቱም፣ የሽንት ፕሮቲኑም፣ የጉበቱና የፕላትሌቱ (ደም የሚያረጉት ሕዋሳት) ጣጣም ከዚያ ነው የሚመጣው። አስፕሪን በትንሽ መጠን ሲሰጥ ደም ሥርን የሚያጠብበውንና ፕላትሌትን የሚያጣብቀውን ትሮምቦክሴን ይቀንሳል። ይህ ጥቅም የሚገኘው በተለይ ከ16ኛው ሳምንት በፊት ከተጀመረ ነው። በ28ኛው ሳምንት "ግፊቷ ከፍ ከፍ እያለ ነው" ብሎ አስፕሪን መጻፍ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ያለን 28 ቀን ብቻ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚጠየቀው ይህ ነው። ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለባት ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ይጀመርላታል፦ ባለፈ እርግዝና ግፊት የነበረባት፣ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ግፊት ያለባት፣ የስኳር ሕመም፣ የቆየ የኩላሊት ሕመም፣ ሉፐስ ወይም አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም (የሰውነት መከላከያ ሰውነትን ራሱን የሚያጠቃባቸው ሕመሞች)። መንታ እርግዝናን አሜሪካኖቹ እዚህ ይመድቡታል፤ እንግሊዞቹ ወደ ሁለተኛው ተርታ ያወርዱታል። ሁለተኛው ተርታ አንዱ ብቻውን የማይበቃ፣ ሁለት ሲገናኙ ግን አስፕሪን የሚያስጀምር ነው፦ የመጀመሪያ እርግዝና፣ እናቷ ወይም እህቷ ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት፣ ካለፈው ወሊድ ከ10 ዓመት በላይ ከቆየች፣ ዕድሜና ውፍረት። ዕድሜውን አንዱ መመሪያ ከ35፣ ሌላው ከ40 ይጀምራል፤ ክብደት በቁመት ተሰልቶ የሚመጣውን ቁጥር (ቢኤምአይ) አንዱ ከ30 በላይ፣ ሌላው ከ35 ጀምሮ ይላል።

የእርስዎ እናት የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ እህቷም ነበረባት። ሁለት። በዚህ ይጀመርላታል። ክብደቷን በቁመቷ ሒሳብ ሲያወጡት 20.8 ስለሚመጣ በዚያ በኩል ምንም የለባትም። እህቷ ላይ የተነሣው በእርግጥ ፕሪኤክላምፕሲያ መሆኑን ግን አጥብቀው ይጠይቁ። "ግፊት ነበረባት" የሚለው ብዙ ነገር ያቅፋል። "መርፌ በሁለቱም ዳሌዋ ተወጋች? አንቀጥቅጧት ነበር? ልጁ ያለጊዜው ነው የተወለደ?" ብለው ቢጠይቁ ቤተሰቡ ጥርት አድርጎ ይመልስልዎታል።

አሁን የዚህን ዝርዝር ድካም ደግሞ ልንገርዎ። እነዚህን ጥያቄዎች ብቻ ይዞ መለየት ከ37 ሳምንት በፊት ከሚነሣው ፕሪኤክላምፕሲያ ግማሹን እንኳ አይዝም። ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የእናቲቱ ታሪክ፣ አማካይ ግፊቷ፣ የማህፀን ደም ሥር ዶፕለርና ፒኤልጂኤፍ በአንድ ላይ ሲሰሉ ግን፣ ከ100 ጤነኛ እናቶች 10ሩን በስሕተት "ተጋላጭ" ማለትን ከተቀበልን፣ ከአራቱ ሦስቱን ይይዛል። አስፕር በሚባለው በ2017 በወጣው ጥናት በዚህ መንገድ ለተለዩ እናቶች 150 ሚሊግራም አስፕሪን ማታ ማታ ሲሰጥ ከ37 ሳምንት በፊት የሚነሣው ፕሪኤክላምፕሲያ ከ4.3 በመቶ ወደ 1.6 በመቶ ወርዷል። ከ37 ሳምንት በኋላ፣ ወሯ ገብቶ የሚነሣው ግን አልቀነሰም። ይህን ልዩነት እናቶችም እኛም ልናውቀው ይገባል፦ አስፕሪን የሚከላከለው በይበልጥ ቀድሞ የሚመጣውንና ከባዱን ነው።

ከአራቱ መለኪያዎች ሁለቱ፣ ማለትም ታሪኳና አማካይ ግፊቷ፣ እርስዎ ጋ አሉ። ለዚህ ነው 93 የሚለው ቁጥር እንዴት እንደመጣ መመርመር ያለበት። ላይኛው 120፣ ታችኛው 80። ታችኛውን ሁለት ጊዜ ከላይኛው ጋር ደምረን ለ3 ስናካፍል 93.3። ግን እውነተኛ ንባቧ 116/74 ሆኖ ለካው ሰው አጠጋግቶ 120/80 ብሎት ቢሆንስ? ያኔ አማካዩ 88 ነው። በማጠጋጋት ብቻ ከ90 በታች የነበረችው እናት ከ90 በላይ ሆነች። ዜሮ ላይ የሚያልቅ ቢፒ ብቻ የተሞላ መዝገብ ለመተንበይ አይረዳም፤ በ2 በ2 እየተነበበ ይጻፍ። በትክክል ከተለካ ግን በሁለተኛው ሦስት ወር ከ90 በላይ የሆነ አማካይ ግፊት ከላይኛው ወይም ከታችኛው ለብቻ ይልቅ የተሻለ ጠቋሚ ነው። ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም፤ ክትትሏን ያጠብቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግፊት በእርግዝና መሐል ላይ በተፈጥሮው ዝቅ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በ20ኛው ሳምንት የምትመጣ እናት ድሮ የነበረባት ግፊት በዚህ ተሸፍኖ ጤነኛ ትመስላለች፤ በ32ኛው ሳምንት ከፍ ሲል "አዲስ ተነሣ" እንላለን። ከ12ኛው ሳምንት በፊት የተለካች አንዲት ቢፒ ኋላ ላይ ትልቅ ዋጋ አላት።

መልስ 2፦ አዋላጅ ነርስ፣ አሠልጣኝ፣ ወልድያ

አብሽሪ እህቴ፣ ዶክተር ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ዕቃው አንሶሽ አይደለም። እኔ አለካኩ ላይ ላተኩር፤ ብዙው ስሕተት ያለው እዚያ ነው።

ምሳሌሽ ላይ ዓይኔ ያረፈው ክንዷ ላይ ነው፤ 21.5 ሳንቲሜትር። ሙአኩን የምንጠቀምበት ለምግብ እጥረት ነው፤ ከ23 በታች ከሆነች ወደ ምግብ ድጋፍ እንመዘግባታለን፣ ያበቃል። ያው ቁጥር ግን የትኛውን ካፍ (ክንድ ላይ ታስሮ የሚነፋውን ጨርቅ) እንደምታስሪ የሚነግርሽም እሱ ነው። መደበኛው የአዋቂ ካፍ በአብዛኛው ከ22 እስከ 32 ሳንቲሜትር ለሆነ ክንድ ነው የተሠራው፤ ካፉ ላይ ተጽፎልሻል፣ የመነሻና የመጨረሻ መስመሩም ተሥሎበታል። ክንዷ ከ22 በታች ከሆነ ያ ካፍ ይሰፋባታል፤ የሰፋ ካፍ ደግሞ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ወፍራም ክንድ ላይ የጠበበ ካፍ ሲታሰር በተቃራኒው ከፍ ያደርገዋል። ስለ ጠባቡ ሁሉም ያወራል፤ የኛ እናቶች ላይ ግን ይበልጥ የሚያሳስተው ሰፊው ነው፤ ቀጭኗ እናት በውሸት 110/70 ተብላ ትሸኛለች። ጤና ጣቢያው ትንሹን የአዋቂ ካፍ አንድ እንኳ ይጠይቅ። እስኪመጣ ካርዷ ላይ "ክንድ 21.5፣ መደበኛ ካፍ" ብለሽ ጻፊ፤ ቀጣዩ ለኪ ምን ይዞ እንደሚያወዳድር ይወቅ።

አቀማመጧ። ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥታ የመጣችን እናት ደጃፍ ላይ እንደደረሰች መለካት ልክ አይደለም። ሽንቷን ትሽና፤ ለምርመራም ይሆንሻል። ከዚያ ድጋፍ ያለው ወንበር ላይ፣ እግሯን ሳታነባብር፣ መሬት አስረግጣ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ። መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ላይ ከሆነች ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጥ። የሹራብ እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንዱን ካነቀ አውልቃ ክንዷን ከነጠላዋ ስር ትስጥሽ። ክንዷ ጠረጴዛ ላይ በልቧ ትክክል ይረፍ። ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከተለካ በየ10 ሳንቲሜትሩ ዝቅታ ወደ 8 ገደማ ይጨምራል። በግራ ጎኗ ተኝታ የላይኛው ክንዷ ሲለካ ደግሞ ይቀንሳል፤ "ከፍ ብሎ ነበር፣ በጎኗ ሲለካ ወረደ" የሚለው ማጽናኛ ከዚህ የመጣ ነው፤ ግፊቷ አልወረደም።

በመጀመሪያ በእጅሽ የደም ትርታዋን እያዳመጥሽ ንፊ፤ ትርታው ከጠፋበት 30 ጨምሪ። መርፌው በሴኮንድ ከ2 በላይ እንዳይወርድ አየሩን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። ላይኛው የመጀመሪያው ድምፅ ነው፤ ታችኛው ድምፁ ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ነው፣ የደከመበት አይደለም። አንዳንድ እናቶች ላይ ድምፁ እስከ ዜሮ ይሰማል፤ ያኔ ብቻ የደከመበትን ትወስጃለሽ። አንድ ደቂቃ ጠብቀሽ ድገሚ፤ የሁለቱን አማካይ ጻፊ። በመጀመሪያው ክትትል ሁለቱንም ክንድ ለኪ፤ ልዩነቱ ከ10 በላይ ከሆነ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከፍተኛው የታየበት ክንድ ይለካል፤ የቱ እንደሆነም ይጻፍ።

ቡና ጠጥታ ከሆነ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፍ። ጫት ላይ ከነበረች ግፊቷን ለሰዓታት ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ሳታሳፍሪ ጠይቂያት፣ ጻፊው፣ በሌላ ቀን ድገሚላት። በዚህ ሰበብ ግን 140/90 የሆነችን እናት "የጫቱ ነው" ብለሽ ወደ ቤት አትላኪ።

አፓራተሱ ራሱ ሲወድቅ ይዛባል። ካፉ ባዶ ሆኖ መርፌው ዜሮው ላይ ካልተኛ ለመለየት ሥራ አይውልም። ዜሮ ላይ ቢተኛም በየ6 ወሩ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ ሌላ መለኪያ ጋር በአንድ ቱቦ ተገናኝቶ ይነጻጸር። ባትሪ የሚሠራውን አውቶማቲክ ስትገዙ ለእርጉዝ እናት የተፈተሸ መሆኑን ጠይቁ፤ ለሌላ አዋቂ ልክ የሆነው ማሽን ፕሪኤክላምፕሲያ ላይ ዝቅ አድርጎ የሚያነብበት ጊዜ አለ።

አሁን ቀኑ። ይቺ እናት ቀኗን በበዓል ይዛዋለች፤ ያ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። የጥምቀት ማግስት ጥር 12 ነው። በኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 12 ሳምንት 84 ቀን፣ ማለትም 2 ወር ከ24 ቀን ነው። ከጥር 12 ሚያዝያ 6 ይመጣል። ዛሬ ሚያዝያ 10 ከሆነ 12 ሳምንት ከ4 ቀኗ ነው። 16 ሳምንት 3 ወር ከ22 ቀን ነው፤ ግንቦት 4 ይመጣል። አስፕሪኑ ከዚያ ማለፍ የለበትም። የመውለጃዋ ቀን ጳጉሜን ካላቋረጠ 9 ወር ከ10 ቀን ነው፤ ካቋረጠ 9 ወር ከ5፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 9 ወር ከ4። የሷ ጳጉሜን ስለሚያቋርጥ ጥቅምት 17 ነው።

በረመዳን፣ በአረፋ ወይም በመውሊድ ቀኗን የምትነግርሽ እናት ላይ ግን ተጠንቀቂ። እነዚህ በዓላት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ስለሚቀድሙ የዘንድሮውን ቀን ከካሌንደር አይተሽ ነው የምትቆጥሪው። ባለፈው ዓመት ቀን ከቆጠርሽ አንድ ሳምንት ተኩል ትስቻለሽ፤ ከ28 ቀን ውስጥ 11 ቀን ብዙ ነው። አልትራሳውንዱ ስላለሽ በዚሁ ዕድሜ አረጋግጪው፤ ከጊዜ በኋላ የሚታየው ያን ያህል አያስተማምንም። በእጅ ስትዳስሺ ደግሞ ማህፀኑ በ12 ሳምንት ከብልት አጥንቱ ልክ በላይ ይገኛል፤ እምብርት ላይ ከደረሰ 20 ሳምንት ነው፣ ጊዜው አልፏል ወይም መንታ ነው።

መልስ 3፦ ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ

ስለ መድኃኒቱ። የዓለም ጤና ድርጅት 75 ሚሊግራም ይላል፤ አስፕር ጥናት 150 ነው የሰጠው። በእጃችን የሚገኘው ብዙ ጊዜ 81 ወይም 100 ነው። 81ዱን ሁለት ፍሬ መስጠት 162 ነው፤ ይሆናል። አንድ ፍሬ ብቻ ካለም ከምንም ይሻላል። 300ውን ግማሽ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ግን አንጀት ላይ እንዲሟሟ የተሸፈነውን ዓይነት አትክፈሉት፣ ሽፋኑ ከተሰበረ ጥቅም የለውም።

ማታ፣ ከምግብ በኋላ። ለሙስሊም እናቶች በረመዳን ከፍጡር በኋላ ስለሆነ ጾሙንም አያፈርስም። ከ12ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ሲቆጠር 168 ማታ ነው፤ ሁለት ሁለት ፍሬ 336። የአንድ ወር 60 ፍሬ ሰጥታችሁ በቀጣዩ ቀጠሮ ባዶውን ማሸጊያ ይዛ እንድትመጣ ንገሯት። ከ10 ማታ 9ኙን ያልዋጠች እናት ላይ ጥቅሙ ይወርዳል። ምሳሌ ላይ ያለችው እናት 36ኛ ሳምንቷ መስከረም 19 ነው፤ በዚያ ይቆማል። እስከ ወሊድ የሚያስቀጥሉ መመሪያዎችም ስላሉ ሪፈር የምትልኩበት ሆስፒታል የቱን እንደሚከተል ጠይቃችሁ አንድ ይሁን።

"ደም ያቀጥናል፣ ልጁን ያስወርዳል" የሚል ፍርሃት ቤተሰብ ውስጥ አለ። በዚህ መጠን ውርጃ እንደሚያመጣ የታየ ነገር የለም። የማይሰጣት ግን አለች፦ ለአስፕሪን አለርጂ ያለባት፣ ከወሰደች በኋላ አስሟ የሚነሣባት፣ የጨጓራ ቁስል ወይም የሚደማ ነገር ያለባት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ከሱቅ ገዝታ እንዳትወስድ ንገሯት።

ካልሲየም ሌላው ነው። ምግባቸው ላይ ካልሲየም አነስተኛ በሆነ አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ንጹሕ ካልሲየም ይመክራል። ወተትና ዕንቁላል ለረጅም ጊዜ በማይበላበት የጾም ወቅት ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሕንድና ታንዛኒያ ውስጥ ተሠርቶ በ2024 የወጣ ትልቅ ጥናት 500 ሚሊግራሙ ከ1500ው እንደማያንስ አሳይቷል፤ መድኃኒቱ ሲያጥር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማሸጊያውን አንብቡ፦ 1250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ማለት ንጹሕ ካልሲየሙ 500 ነው። ከአይረን ጋር በአንድ ጊዜ አይዋጥም፤ በሁለት ሰዓት ይራራቁ። አይረኑ ጠዋት፣ ካልሲየሙ ከምሳ ጋር ቢባል እናቶች አይምታታባቸውም።

ጠያቂዋ፦ አዋላጅ ነርስ፣ ደላንታ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የማገላበጡ ጥያቄ ቀረ፤ እብጠትስ? ከዚያ ደግሞ በመጀመሪያው ክትትል ምንም ያልተገኘባትን እናት ምን ብለን እንሸኛት?

መልስ 4፦ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም፣ ደሴ

ማገላበጡን ይተዉት ሲስተር። ከ28ኛው እስከ 32ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በጎን ተኝታ የተለካችው እናት በጀርባዋ ስትዞር ታችኛው በ20 ከጨመረ ወደፊት ግፊት ይነሣባታል የሚል ነበር። አብዛኞቹ "ይነሣባቸዋል" የተባሉት አይነሣባቸውም፤ ንባቡ የሚጨምረውም በብዛት ክንዱ ከልብ አንጻር ቦታ ስለሚቀይር ነው፤ መልስ 2 ላይ የተባለው ራሱ ነው። እብጠትም ከትርጉሙ ከወጣ ቆይቷል፤ ጤነኛ እርጉዝ እግሯ ያብጣል። ፊቷና እጇ በድንገት ካበጠ፣ ቀለበቷ አልወልቅ ካላት ግን ያኔውኑ ቢፒዋን ይለኩ።

"ምንም የለባትም" የሚል ሽኝት የለም። ከመጀመሪያው ዝርዝር ያመለጡት ብዙ ናቸው ብያለሁ። ስለዚህ በየክትትሉ ቢፒና ሽንት፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ 140/90 ከሆነ ከ4 ሰዓት በኋላ ተደግሞ ይለካ። 160/110 ከሆነ 4 ሰዓት አይጠበቅም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ተደግሞ መድኃኒት ይጀመር። ከመጀመሪያው ንባቧ ላይኛው በ30፣ ታችኛው በ15 ከጨመረ በራሱ ምርመራ አይባልም፤ ቀጠሮዋ ግን ወደ ሳምንት ይጠር።

ስትሪፑ የሚተነብይ አይደለም፣ የተነሣውን ነው የሚያሳይ። አጣጥባ፣ መጀመሪያውን ለቅቃ፣ የመሐሉን ሽንት ትስጥ፤ ፈሳሽ ወይም ደም ከገባበት በውሸት ፕሮቲን ያሳያል። ስትሪፑን ነክረው ወዲያው ያውጡ፤ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ሴኮንድ፣ ብዙውን ጊዜ 60፣ በብርሃን ያንብቡ። ዘግይቶ የተነበበ ቀለም ይጠቁራል። ጠርሙሱ ክፍት ሆኖ ያደረ ስትሪፕ አይታመንም። 1 ፕላስ በዴሲሊትር ወደ 30 ሚሊግራም፣ 2 ፕላስ ወደ 100 ነው። ብዙ ውኃ የጠጣች እናት ላይ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ራስ ምታቷና ቢፒዋ ካለ ኔጌቲቩ አያዘናጋዎ።

ግፊቱ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሌላ ትንበያ አለ፦ የትኛዋ በ48 ሰዓት ውስጥ ትባባሳለች የሚለው። ሚኒፓየርስ የሚባለው ለእንደኛ ዓይነት ቦታ የተሠራ ነው፤ ላቦራቶሪ አይፈልግም። የወለደችው ብዛት፣ የእርግዝናው ሳምንት፣ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ ከሆድ ሕመም ጋር የመጣ ደም፣ ላይኛው ቢፒ፣ የሽንት ፕሮቲን፤ እነዚህን ብቻ ነው የሚጠይቅ። እነዚህን ሰባቱን በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉልን። "ለተሻለ ሕክምና" ብቻ ተጽፎባት የምትደርስ እናት ላይ ከዜሮ ነው የምንጀምረው። ትልልቅ ማዕከላት ላይ ያለው የደም ምርመራ፣ ከእንግዴ ልጁ የሚመጡት የሁለቱ ፕሮቲኖች፣ የኤስኤፍኤልቲ እና የፒኤልጂኤፍ ንጽጽር፣ ከ38 በታች ከሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፕሪኤክላምፕሲያ እንደማይነሣባት በጥሩ እርግጠኝነት ይነግራል። ጥቅሙ እሱ ነው፤ ማንን ማስተኛት እንደማያስፈልግ ማወቁ።

ከደላንታ ሲልኩ መንገዱ ረጅም ነው። ከባድ ምልክት ካለባት ማግኒዝየሙ (መንቀጥቀጥን የሚከላከለው መርፌ) መኪናው ሳይነሣ ይሰጥ። አምፑሉ 50 በመቶ መሆኑን አንብበው፣ 8 ሚሊሊትር ከ12 ሚሊሊትር የመርፌ ውኃ ጋር ያዋሕዱት፤ 4 ግራም በ20 በመቶ ይሆናል። በደም ሥር በ5 ደቂቃ፣ ፈጥኖ ሳይገፋ። ከዚያ በእያንዳንዱ ዳሌ 5 ግራም፣ ከ1 ሚሊሊትር 2 በመቶ ሊዶኬይን ጋር። የማግኒዝየሙ ማርከሻ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም አብሮ መኪናው ውስጥ ይሁን። 160/110 ከሆነ ግፊት የሚያወርደውን ኒፌዲፒን 10 ሚሊግራም ትዋጥ፣ ከምላስ ሥር አይደረግ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይለካ።

መልስ 5፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ተንታ

ከቀበሌ በኩል አንድ ልጠይቅ፦ ወልዳ ወደ ቤቷ የተመለሰችዋን መቼ መቼ እንለካ?

መልስ 6፦ አዋላጅ ነርስ፣ አሠልጣኝ፣ ወልድያ

ጥሩ አነሣሽው። ግፊት ከወሊድ በኋላ በ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ነው ይበልጥ ከፍ የሚለው፤ ብዙ እናት ያኔ ቤቷ አራስ ናት፣ በሩ ተዘግቶ። በ24 ሰዓት፣ በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ከዚያ በ6ኛው ሳምንት ይለካ። በእርግዝናዋ ግፊት የነበረባት ከሆነች 3ኛውና 6ኛው ቀን እንዳያመልጡሽ። በእርግዝናዋ ሁሉ 110/70 የነበረች እናትም አራስነቷ ላይ ሊነሣባት ይችላል፤ ከባድ ራስ ምታትን "ብርድ ነው፣ ምጥ ያመጣው ነው" እንዳይሉት ለአራስ ጠያቂዎቿም ንገሪያቸው።

ስትመዘግቢም ካርዷ ላይ ግፊቱ የተነሣበትን የእርግዝና ሳምንት፣ ከፍተኛውን ቢፒ፣ ማግኒዝየም መውሰድ አለመውሰዷን እና ልጁ የተወለደበትን ሳምንትና ክብደት ጻፊ። ካርዱን አጣጥፋ ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር ታስቀምጥ፤ ያ አይጠፋም። በሚቀጥለው እርግዝናዋ በ12ኛው ሳምንት ስትመጣ አዋላጇ መጀመሪያ የምትጠይቃት እሱን ነው።